ከመንጋጭላ የሚገመት ዕድሜ፦ ስለ አንድ የቃላት ዝርዝር የቀረበ ሒስ

የሰውን ዕድሜ ከታችኛው መንጋጭላና ከጥርስ የራጅ ምስል ስለ መገመት የሚናገሩ ቃላትን ከእንግሊዝኛና ከስዊድንኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ በአውሮፓ ለሚሠሩ አስተርጓሚዎች ታስቦ የተሰናዳ አንድ የቃላት ዝርዝር በእጃችን ገብቶ ከዳር እስከ ዳር ተመልክተነዋል። ዝርዝሩ በመጽሐፍ መልክ ያልታተመ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ በመሆኑ አዘጋጆቹን በስም አንጠራም። ድካማቸውን ግን አናቃልልም። አማርኛ ይህን የሕክምናና የሕግ መገናኛ የሆነ መስክ በወጉ ያልሰየመው በመሆኑ፣ አዘጋጆቹ የገቡበት ጫካ መንገድ ያልተቀደደለት ነበር። ሒሳችን የሚያተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ሐኪሙ በጥርጣሬ የጻፈውን፣ ዝርዝሩ በአማርኛ እርግጠኛ አድርጎ ማቅረቡ ነው።

ጉዳዩ ለምን ከበድ እንዳለን በአጭሩ እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስዊድን ውስጥ ያለ ወላጅና ያለ አሳዳጊ ጥገኝነት የጠየቁ ልጆች ቁጥር ከ35,000 በላይ ነበር። አብዛኞቹ ከአፍጋኒስታን የመጡ ሲሆኑ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡም ነበሩባቸው። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሪቱ የፍትሕ ሕክምና መሥሪያ ቤት የአንዳንዶቹን ዕድሜ በሁለት ምርመራ ይገምት ጀመር፤ አንዱ የታችኛው ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ራጅ ሲሆን፣ ሌላው የጉልበት መጋጠሚያ በመግነጢሳዊ ምስል የሚታይበት ነው። የምርመራው ውጤት የሚጻፈው በስዊድንኛ፣ ውሳኔውም የሚሰጠው በስዊድንኛ ነው። ወጣቱ ግን ይግባኝ ልበል ወይስ ልተው እያለ የሚያሰላስለው በገዛ ቋንቋው በሰማው ላይ ተመሥርቶ ነው። «ራጁ ዕድሜህን አረጋገጠ» የተባለ ልጅና «ራጁ ዕድሜህን ገመተ» የተባለ ልጅ፣ በእጃቸው የያዙት ወረቀት አንድ ዐይነት ቢሆንም፣ የሰሙት ነገር አንድ አይደለም።

የዝርዝሩ የመጀመሪያ ርእሰ ቃል «የዕድሜ ማረጋገጫ» ይላል። ይህ ስያሜ ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። መስኩን የአውሮፓ ቋንቋዎች ራሳቸው በአንድ ስም አይጠሩትም። እንግሊዝኛው ሳይንሱን «ግምት» ሲለው፣ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ደግሞ «ምዘና» ይለዋል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን «የዕድሜ ምርመራ» የሚለውን መርጦ በሽታን ለይቶ ከማወቅ ጋር በአንድ ስም አስቀምጦታል። ፈረንሳይኛው «መወሰን» ማለትን ያዘወትራል። አስተርጓሚው ከእነዚህ መካከል በጆሮው የጸናውን ቃል ይዞ ወደ አማርኛ ቢገባ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ማረጋገጫ» በአማርኛ የሚባለው ማኅተም ያረፈበት፣ ከእንግዲህ ክርክር የማይነሣበት ሰነድ ነው። ራጅ እንዲህ ያለ ሰነድ ሊሆን አይችልም።

እኛ «የዕድሜ ግምት» የሚለውን እንመርጣለን። «ግምት ማለት እኮ በዘፈቀደ መናገር ነው፤ የባለሙያውን ክብር ያዋርዳል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ተቃውሞው ከቋንቋው ታሪክ ጋር አይስማማም። በፍርድ ቤትና በውርስ ጉዳይ «ገማች» የሚባለው፣ ቤቱን፣ መሬቱንና ከብቱን አይቶ፣ በሙያው ዋጋ የሚያወጣ፣ ቃሉም የሚታመን ሰው ነው። የገማች ቃል ይከበራል፤ ሌላ ገማች መጥቶ ሌላ ቢል ግን ነገሩ እንደ አዲስ ይታያል። ከራጅ የሚገኝ የዕድሜ ቃል ከዚህ የበለጠ ሥልጣን የለውም፤ ከዚህም ያነሰ አይደለም።

ወደ አካል ክፍሎች ስያሜ ስንገባ ዋናው ችግር መንጋጋና መንጋጭላ ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ «መንጋጋ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ተጽፎ፣ ሁለት ጊዜ ዐጥንቱን፣ ሁለት ጊዜ ጥርሱን ይሰይማል። ስሕተቱ የአዘጋጆቹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቋንቋው ራሱ ሁለቱንም ይላል። ሶምሶን ፍልስጥኤማውያንን የመታበት ዐጥንት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአህያ መንጋጋ ነው። «መንጋጋዬን ያመኛል» ብሎ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው ግን ጥርሱን ማለቱ ነው እንጂ ዐጥንቱን አይደለም። በተለምዶ አነጋገር ይህ መደራረብ ማንንም አይጎዳም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዐጥንቱና ጥርሱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ነገሩ ይበላሻል። በዝርዝሩ ላይ «የሦስተኛው መንጋጋ ምስል» የሚል ሐረግ አለ። ሰው ሁለት መንጋጋ፣ ማለትም የላይና የታች እንዳለው የሚያውቅ አንባቢ፣ ሦስተኛውን ከየት እንደሚያመጣ ግራ ይጋባል።

ደግነቱ አማርኛ ሁለተኛ ቃል አለው። መንጋጭላ (መንገጭላ የሚሉም አሉ) በብዙው ሕዝብ አንደበት ዐጥንቱን እንጂ ጥርሱን አይሰይምም፤ «መንጋጭላው ወለቀ»፣ «መንጋጭላውን ተመታ» ይባላል። ስለዚህ ዐጥንቱን መንጋጭላ፣ ጥርሱን መንጋጋ ጥርስ ብለን ብንለይ፣ ከሕዝብ አነጋገር ሳንወጣ የሳይንሱን ፍላጎት እናሟላለን። ከግእዝ «መልታሕት»ን እናምጣ የሚሉ ወዳጆች አሉን። ቃሉ በግእዝ ጉንጭንም የሚጨምር ስለሆነ፣ አንዱን መደራረብ በሌላ መደራረብ መለወጥ ይሆንብናል። በአፍ ያለ ቃል ሲበቃ ከመጽሐፍ መበደር ለጌጥ ካልሆነ በቀር ፋይዳው አይታየንም።

በዝርዝሩ «የጥበብ ጥርስ» የተባለው፣ በመጨረሻ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ ነው። ስሙ የብዙ አገሮች ስም መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአካለ መጠን መድረስ አለመድረስ በሚመረመርበት ሰነድ ላይ «ጥበብ» የሚል ቃል መግባቱ ሳይጠየቅ መልስ የሚሰጥ ይመስላል። ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ ቢባል ይበቃል።

ቀጥሎ ያገኘነው ቃል ፈገግ አሰኝቶናል፤ አደጋውም ከዚያ አያንስም። በታችኛው መንጋጭላ ግራና ቀኝ፣ ከአገጭ ጎን፣ ነርቭና የደም ሥር የሚወጡባቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ዝርዝሩ እያንዳንዳቸውን «የአእምሮ ቀዳዳ» ብሎ ሰይሟቸዋል። እንግሊዝኛው «ሜንታል» የሚለው ቃል ከሁለት የተለያዩ የላቲን ምንጮች ይመጣል፤ አንዱ አእምሮ ማለት ከሆነው ከ«ሜንስ»፣ ሌላው አገጭ ማለት ከሆነው ከ«ሜንቱም»። እዚህ የተፈለገው ሁለተኛው ነው። «የአገጭ ቀዳዳ» ቢባል ጉዳዩ ያልቃል። አንድ የገጠር ልጅ «የአእምሮህን ቀዳዳ በራጅ አይተናል» ቢባል ምን እንደሚያስብ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ይህ ቀዳዳ በዕድሜ ግምት ረገድ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1858 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው የግሬይ «አናቶሚ» በቀደሙት እትሞቹ የመንጋጭላን መልክ ከልደት እስከ እርጅና ይገልጻል። በሕፃንነት ቀዳዳው ወደ ዐጥንቱ የታች ጠርዝ ይቀርባል፤ በጎልማሳነት በላይና በታች ጠርዝ መካከል ይውላል፤ ጥርስ በረገፈበት እርጅና ደግሞ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይጠጋል። የመንጋጭላው አካል ከሽቅብ ክንዱ ጋር የሚገናኝበት መታጠፊያም እንዲሁ ይለዋወጣል፤ በልደት 175 ዲግሪ፣ በአራት ዓመት ገደማ 140፣ በጎልማሳነት ከ110 እስከ 120፣ በእርጅና እንደገና 140 ዲግሪ ነው ይላል። አንባቢ ልብ ይበል፤ የአራት ዓመት ሕፃንና ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ይዘው ተገኙ። የኋለኞቹ ጥናቶችም የመታጠፊያው ዲግሪ በጎልማሶች ዘንድ ከዕድሜ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑንና ከዕድሜው ይልቅ የጥርስ መርገፍ መልኩን እንደሚለውጠው ደጋግመው አመልክተዋል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ «የእርጅና ምልክት» የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ «የጥርስ መርገፍ ምልክት» ነው። በአንድ አገር ያለ ጥርስ ሐኪም ያረጀ ሰው፣ በሌላ አገር ከነሙሉ ጥርሱ ካረጀ ሰው ጋር በዚህ መለኪያ እኩያ አይሆንም።

«ማዕዘን»ን በተመለከተ አዘጋጆቹን የምናመሰግንበትም የምንነቅፍበትም አለን። መታጠፊያውን «የመንጋጭላ ማዕዘን» ማለታቸው ደግ ነው፤ ማዕዘን የቤት ጥግ፣ የሚዳሰስ ቦታ ነውና። ነገር ግን የዲግሪውን ቁጥርም «ማዕዘን» ብለውታል። የሒሳብ መጻሕፍቶቻችን ለዚህ «ዘዌ» የሚል ቃል ካስለመዱ ቆይተዋል። ማዕዘን ቦታው፣ ዘዌ መጠኑ ቢሆን፣ «የመንጋጭላው ማዕዘን ዘዌ 120 ዲግሪ ነው» ብሎ ያለ ብዥታ መጻፍ ይቻላል።

ሽቅብ ክንድ ያልነውን ዝርዝሩ «ቅርንጫፍ» ይለዋል፤ የላቲኑ ቃል በቀጥታ ሲመለስ ነው። ዛሬ ቅርንጫፍ ሲባል ባንክ ትዝ ይላል። «ቋሚ ክፍል» እንዳንለው፣ ቋሚ የሚለውን የወተት ጥርስን ተክቶ የሚበቅለው ጥርስ ይዞታል። «ክንፍ»ም የሌላ የራስ ቅል ዐጥንት አካል ስም ሆኖ ይፈለጋል። ሽቅብ ክንድ ፍጹም ነው አንልም፤ የተሻለ ያለው ያምጣ።

ጥርሱ የተተከለበት የዐጥንት ክፍል ጥርሱ ሲወልቅ ቀስ በቀስ እየጠፋ የሚሄደው፣ ሰውነት ዐጥንቱን መልሶ ስለሚመጠው ነው። ዝርዝሩ ይህን «መበስበስ» ብሎታል። መበስበስ በሽታ ነው፤ ይህ ግን በሽታ አይደለም። «ምጠት» ይበቃዋል። ጥርስ ድድን ሰንጥቆ መውጣቱን «የጥርስ ፍንዳታ» ማለቱ ደግሞ ለእሳተ ገሞራ የተሰናዳን ቃል አፍ ውስጥ ማስገባት ነው። የአገራችን እናቶች ሁሉ «ልጄ ጥርስ አበቀለ» ይላሉ፤ «የጥርስ ብቅለት» ከዚህ በቀላሉ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ጥርስን ከዕድሜ ጋር ማያያዝ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። በገበያ የፈረስና የበቅሎ ገዥ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አፍ ከፍቶ ጥርስ ይመለከታል። በአንድ ሙያ ብዙ የኖረ ሰው «በዚያ ሙያ ጥርሱን የነቀለ» ይባላል። አዘጋጆቹ ይህን የተዘጋጀ የቋንቋ ሀብት ትተው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል መቅዳታቸው አሳዝኖናል። ሆኖም ሀብቱ ወጥመድም አለበት። የበቅሎ ገዥ በጥርስ ያየውን በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ሻጭም ብዙ አይከራከርም። ይህ የገበያ እርግጠኝነት ወደ ሰው ልጅ ራጅ ሲሻገር ነው ነገሩ የሚከፋው።

የደረጃዎቹ ስያሜ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ዴሚርጂያን፣ ጎልድስታይንና ታነር እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ነው። 2,928 የፈረንሳይ ዝርያ ያላቸው የካናዳ ልጆች ራጅ ተመርምሮ፣ የታችኛው ግራ መንጋጭላ ሰባት ቋሚ ጥርሶች እድገት በስምንት ደረጃ ተከፈለ። ደረጃዎቹ በላቲን ፊደል ከኤ እስከ ኤች ይጠራሉ። በመጀመሪያው ደረጃ የጥርሱ ጫፎች መጠንከር ይጀምራሉ፤ በሰባተኛው የሥሩ ጫፍ ገና ክፍት ነው፤ በስምንተኛው ይዘጋል። ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም፤ ደረጃዎቹን ለእርሱም ያዋሉት የኋላ ተመራማሪዎች ናቸው።

ዝርዝሩ ስምንቱን ደረጃዎች በፊደላችን ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ብሎ ይሄድና በስምንተኛው ላይ «ቀ» ያደርጋል። በልማድ በሚታተመው የአማርኛ ገበታ ግን ከሰ ቀጥሎ የሚመጣው ሸ ነው፤ ቀ ዘጠነኛ ነው። ግእዙን ብቻ የሚቆጥር ደግሞ ስምንተኛው ቀ ነው ይላል። በሌላ ነገር ይህ የደብተራ ክርክር ሆኖ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ስምንተኛው ደረጃ ማለት ሥሩ የተዘጋው፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ክርክር ዋናው ደረጃ ነው። አንዱ አስተርጓሚ ሸ፣ ሌላው ቀ ብሎ ቢጽፍ፣ የአንድ ልጅ ሁለት ሰነዶች የማይስማሙ ይመስላሉ። የላቲኑን ስም በእኛ ፊደል እንጻፍ ብንልም ኤ እና ኢ በድምፅ እጅግ ይቀራረባሉና፣ አንደኛውና አምስተኛው ደረጃ በስልክ ትርጉም ጊዜ ይምታታሉ። መፍትሔው ቁጥር ነው፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 8።

ዝርዝሩ ዝም ያለበት ነገር ካሰፈረው ሁሉ ይብሳል። «የልደት ዓመት» ብሎ ሲጽፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይጠይቅም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። «2000» ብሎ የተናገረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢጻፍበት ግን በዚያው ቀን የሃያ አምስት ዓመት ሰው ይሆናል። የትኛውም ራጅ ቢዘንፍ ይህን ያህል ሲዘንፍ አስተርጓሚው በቸልታ ያለፈው አንድ ሐረግ ስምንት ዓመት ይጨምራል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ መሥራት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ በእጃቸው የሚያሳዩት ወረቀት የለም፤ ቃላቸው ብቻ ነው ያላቸው። ቃላቸው ደግሞ ሲተረጎም ይዛባል። ልጁ «አሥራ ስምንት ያዝኩ» ሲል አሥራ ሰባቱን ጨርሶ አሥራ ስምንተኛውን ጀመርኩ ሊል ይችላል፤ «አሥራ ስምንት ሞላኝ» ሲል ግን ነገሩ ተፈጽሟል። ስዊድንኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ከሰጠ፣ ሕፃኑን አዋቂ ያደረገው አስተርጓሚው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ዝርዝሩ ስለ «ያዘ» እና «ሞላ» ልዩነት አንድ መስመር እንኳ የለውም። እኛ ብንሆን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እናስቀምጠው ነበር።

«የስሕተት ኅዳግ» የሚለውንም ብንለውጠው እንወዳለን። ስሕተት በአማርኛ የሠሪው ጥፋት ነው፤ ሐኪሙ ተሳሳተ ያሰኛል። በመለኪያ ሳይንስ ግን ነገሩ ጥፋት ሳይሆን ከተፈጥሮ ልዩነት የሚመጣ ነው፤ የአንዱ ልጅ ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ሥሩን ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ይዘጋል፣ የሌላው ከሃያ በኋላ፣ አንዳንዱም ጥርሱ ፈጽሞ አይበቅልለትም። «ዝንፈት» ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ «ግምቱ ወዲህና ወዲያ ሁለት ዓመት ይዘንፋል» ቢባል ገበሬውም ዳኛውም ይረዱታል። ቃሉ ለጌጥ አይደለም፤ በሕግም ይፈለጋል። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 388፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ተሻሻለው፣ የዐጥንት ምርመራ ውጤት የዝንፈቱን መጠን መግለጽ እንዳለበት፣ ብቻውንም ለአካለ መጠን አለመድረስን ሊወስን እንደማይችል፣ ጥርጣሬውም ለተመርማሪው እንዲቆጠር ያዛል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤት በመጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ.) ይህን ድንጋጌ መርምሮ አጽንቶታል። ይህን አንቀጽ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «የስሕተት ኅዳግ» ካለ፣ ሕጉ ሐኪሙን የሚከስ ይመስላል።

የቀረን የግሥ ጉዳይ ነው። የስዊድኑ መሥሪያ ቤት ውጤቱን ሲጽፍ «ነው» ወይም «አይደለም» አይልም። ምርመራው ተመርማሪው 18 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ለመሆኑ «ይናገራል» ይላል፤ ደካማ ሲሆን ደግሞ «ምናልባት ይናገራል»። ዝርዝሩ ሁለቱንም «ያረጋግጣል» በሚል አንድ ግሥ ጠቅልሏቸዋል። ይህን ስናይ ቆም ብለን ደጋግመን አንብበነዋል።

ምን ብንል ይሻላል? «ይናገርለታል» ቃል በቃል ነው፤ አማርኛ አይደለም። «ያደላል» ስሜቱን ይይዛል፤ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ነገር ግን አድልዎን ስለሚያስታውስ፣ ተመርማሪው ሐኪሙ አደላብኝ ብሎ እንዲረዳ በር ይከፍታል። «ይመሰክራል» የምስክርን መሐላ ያመጣል። «ሊያመለክት ይችላል» መቻልንና መሆንን ይቀላቅላል። «ምናልባት»ን ጨምሮ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን በፍጥነት በሚካሄድ የቃል ትርጉም ከዓረፍተ ነገሩ ፊት የቆመ ተውሳከ ግሥ በቀላሉ ይረሳል፤ በአማርኛ ፍሬ ነገሩን የሚሸከመው መጨረሻ ላይ ያለው ግሥ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው በግሡ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል። ለጠንካራው «ያመለክታል»፣ ለደካማው «ይጠቁማል» ብለን ብንወስን፣ የሁለቱ ደረጃ ልዩነትም በዝርዝሩ ራስጌ አንድ ጊዜ ቢገለጽ፣ አስተርጓሚው ሳይጨነቅ ሊለያቸው ይችላል። «ያረጋግጣል» ግን ከዚህ ዝርዝር ሁለተኛ ዝግጅት ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት።